ወደ ስልባ የተላከ ጨው

ታች ስልባ፣ ሰቆጣ
ጥቅምት 9 ቀን 1980 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለማንደፍሮ፣ ደሴ፤

እንዴት ሰነበትህ? እኔ ዓይኔ ከመድከሙ በቀር ደህና ነኝ። ደብዳቤህን ነጋዴው ሙሄዲን ከሰቆጣ ድረስ ራሱ አምጥቶልኛል። ቀን አልጻፍክበትም። ለመስኖ ሥራ እዚህ ተመድበህ በቤቴ በነበርክ ጊዜ፣ ቀን የሌለው ደብዳቤ ባለቤት እንደሌለው በግ ነው ብዬህ ነበር። አሁንም ያው ነው።

ቦዩ እንዴት ሆነ ብለህ ለጠየቅኸኝ፣ ቦዩ ደህና ነው። የላይ ስልባ ሰዎች ሽንኩርትና ጎመን አውጥተውበታል፤ ጌሾውም አምሯል። አምና ዝናቡ ሲያጥር ያተረፋቸው እሱ ነው። ይህንን ያስቀደምኩት ቀጥሎ የምጽፈውን ስታነብ ቦዩን የጠላሁት እንዳይመስልህ ብዬ ነው።

ወንዙ ጨው ሆኗል። ውሃው ወደ ቦዩ ከሚጠለፍበት በላይ እንደ ድሮው ነው። ከማሳዎቹ በታች፣ እኛ የምንቀዳበት ላይ ሲደርስ ግን አፍ ይይዛል። መጀመሪያ ወጥ ስንሠራ ጨው የማያስፈልገን ሆነን ሳቅን። ጎረቤቴ እታገኝ፣ «እግዜር ድሃውን ከባለሱቅ ገላገለው» እያለች ታስቀን ነበር። አሁን አትስቅም። ልጇ ጡት ጥሎ ውሃ ከጀመረ ወዲህ ሆዱ አልቆመም። ያረገዙት ላሞች አጨነገፉ። ወንዝ ዳር የዘራነው ገብስ ጫፉ እየነደደ ቀረ። ላይኛው ውሃ ድረስ ወጥቶ መቅዳት ግማሽ ቀን ያስኬዳል፤ አህዮቻችን ደግሞ በክፉው ቀን አልቀዋል።

በመስከረሙ ስብሰባ ላይ ከአውራጃ የመጣው ካድሬ፣ የሚጠጣ ውሃ የሌለው መንደር ከሁዳዴ በፊት ለሰፈራ ይመዘገባል ብሏል። ስም አልጠራም። ሲናገር ግን የሚያየው ወደ እኛ ነበር። በሰባ ሰባት ከዚህ ከተወሰዱት ሰዎች እስከ ዛሬ ደብዳቤ የመጣለት ዘመድ የለም።

የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው። ቦዩን ሳናፈርስ ወንዙን ማዳን ይቻላል? የማይቻል ከሆነ አይቻልም ብለህ ጻፍ። የሚያባብል ቃል አያስፈልገኝም።

ተናኘ

*

ደሴ
ኅዳር 4 ቀን 1980 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ ለእትዬ ተናኘ፤

ቀኑን ከስምዎ በፊት መጻፌን ልብ እንዲሉልኝ እለምናለሁ። ጤናዎ እንዴት ነው? ዓይንዎን ሐኪም ይይልዎ። እኔ ደህና ነኝ። ስለ ሥራዬ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ።

ይቻላል። አስቸጋሪ ነው እንጂ ይቻላል። ነገሩ እንዲህ ነው። ማንኛውም የወንዝ ውሃ ጥቂት ጨው አለው። ማሳ ላይ ሲፈስ ተክሉም ፀሐዩም ውሃውን ይወስዳሉ፤ ጨውን የሚወስድ የለም። ስለዚህ ውሃ በበዛ ቁጥር ጨው ይከማቻል። የስልባ ደግሞ የባሰ ነገር አለው። ቦዩ ነጩን መሬት አቋርጦ ያልፋል፤ ከዋንዛው ሥር እስከ ቋጥኙ ያለውን ማለቴ ነው። እዚያ ላይ ውሃው ወደ ታች ይሰርጋል፤ ሰርጎም በመሬቱ ውስጥ ያለውን ጨው አጥቦ ተመልሶ ወንዝ ይገባል። እናንተ የምትጠጡት ያንን እጣቢ ነው።

መድኃኒቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ውሃው ሌሊቱን ሙሉ ማሳ ላይ እንዲያድር አይተዉት፤ የእያንዳንዱ ሰው የውሃ ተራ ይጠር። ሁለተኛ፣ ነጩ መሬት ላይ ያለው የቦዩ ወለል ይደፈን። ሲሚንቶ እዚህ ጠይቄያለሁ፤ በእሱ ግን አይጠብቁ። ዋልካ አፈር አምጥታችሁ በቦዩ ውስጥ አርከፍክፉና አርጥባችሁ፣ ለጤፍ እርሻ እንደምታደርጉት በከብት አስረግጡት። በደንብ የተረገጠ ዋልካ ውሃ አያሳልፍም። ጨዋታ እንዳይመስልዎ፤ ባለሙያዎቹም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

ለእታገኝ ልጅ ለጊዜው ከላይኛው ውሃ ብቻ ይቀዳለት። እባክዎ እንዴት እንደሆነ ይጻፉልኝ።

ማንደፍሮ

*

ታች ስልባ
ታኅሣሥ 21 ቀን 1980 ዓ.ም.

ልጄ ማንደፍሮ፤

ሰላም ላንተ ይሁን። ስለዘገየሁ ይቅርታ። የምጽፈው ነገር እስኪለይ ጠበቅሁ፤ አሁን ተለየ።

ላይ ስልባዎች እሺ አሉ ወይ ብትል፣ አሉ። የውሃ አባታቸውን ደጅይጥኑን ታውቀዋለህ፤ ተራ የሚያከፋፍለው እሱ ነው፣ ቃሉም ይሰማል። ደቦ ጠርቶ፣ ዋልካውን አስጭኖ፣ የራሱን በሬዎች ከፊት ነድቶ አስረገጠው። የእኛም ሰዎች ወጥተው ከእነሱ ጋር ጭቃ ውስጥ ዋሉ። ብዙም ሳይቆይ ወንዙ ቀለል አለ። አልጠፋም፤ ቀለል አለ። እታገኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ከወንዙ ቀድታ ጠላ ጠመቀች፤ ጠላውም ተጠጣ።

ከዚያ ጨው ተመለሰ። ከበፊቱ ባሰ።

ምርኩዜን ይዤ ወጣሁ። ነጩ መሬት ላይ ስደርስ የተረገጠው ዋልካ በዶማ ተፈልፍሏል። ውሃው በየጉድጓዱ እየሰረገ ከቦዩ በታች ያለውን መሬት አርሶታል፤ የደረቀው ዳር ላይ ጨው እንደ አመዳይ ወጥቷል። ሴቶች በማጭድ እየፋቁ በቁና ይሰበስባሉ። ደጅይጥኑም እዚያው ቆሟል።

«አያ ደጅይጥኑ፣ ይህንን ማን ቆፈረው?» አልኩ።

«እኔ ነኝ እትዬ።»

«አንቱ አይደሉም እንዴ በበሬዎ ያስረገጡት?»

«ነኝ።»

«ታዲያ ምን ነካዎ?»

«ጨው ነካኝ» ሲል ሴቶቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም። «የሰሜኑ መንገድ በጦርነት ከተዘጋ ወዲህ አሞሌ የሚባል በዓይናችን አላየንም። በሬዎቼ የቤቴን ልስን እየላሱ ምርጉን ጨረሱት። ምሽቴ 'ከሚስት ቀድሞ ቤቱን በሬ ፈታው' ትላለች። ቦዩ ሲሰርግ ይህ መሬት ጨው ይሰጠናል። ለከብት እናስልሳለን።»

«ይስማማቸዋል?»

«ያስቀምጣቸዋል። ቢሆንም ይልሱታል። ምን ላድርግ?»

«እኛስ አያ ደጅይጥኑ? የእኛ ልጆች?»

ከኋላ አንዲቷ፣ «እናንተማ ተደርጎላችሁ! የወጥ ውሃው ጨው ገብቶበት ይመጣላችኋል!» አለች። ደጅይጥኑ ዞሮ በኽምጣኛ ተቆጣት። አማርኛው ለሽማግሌ ፊት የሚሆን አማርኛ ነው፤ ሲከፋው በኽምጣኛ ነው የሚናገረው። ከዚያ ወደ እኔ ተመልሶ፣ «እትዬ፣ ቦዩን ድፈን ማለት ከብትህን ግደል ማለት ነው። በሬ የሌለው ሰው ቦይ ምን ያደርግለታል?» አለኝ። እሱ ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ስለዚህ ሲሚንቶውን ተወው። ሲሚንቶ ብትልክም በዶማ ይፈነቅሉታል። ጨው ላክልን። ቀይ ባሕር ዳር የሚወጣው ጨው በአሰብ መንገድ ደሴ እንደሚገባ ሙሄዲን ነግሮኛል። ላይ ስልባ ጨው ካገኘ ከነጩ መሬት ላይ እጁን ያነሳል። ወንዙን ከጨው የሚያላቅቀው ጨው ነው። አእምሮዬ የዛለ እንዳይመስልህ፤ ደጋግሜ አስቤበታለሁ።

ስለ ራስህ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ ያልከውን አልረሳሁም።

ተናኘ

*

ደሴ
ጥር 11 ቀን 1980 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ተናኘ፤

ለጤናዎ እጅግ አስባለሁ። ነገ ጥር ሚካኤል ነው፤ ደጁ ስደርስ ስምዎን አነሳለሁ።

ስለ ጨው የጻፉትን ደግሜ አነበብኩት። ትክክል ነዎት። እዚህ ላለ አንድ የመስኖ መሐንዲስ ባጫውተው መጀመሪያ ሳቀ፤ በኋላ እስቲ ደግመህ ንገረኝ አለኝ።

ይሁን እንጂ ከአቅሜ በላይ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ። አሁን ስለ ሥራዬ ልንገርዎ። ከመስኖ ሥራ ተነስቻለሁ። አንድ ስብሰባ ላይ ቦይ መቆፈር ብቻውን ልማት አይደለም፣ ውሃው የት እንደሚሰርግ መታየት አለበት ብዬ ተናገርኩ። ከዚያ ወዲህ በእርዳታ እህል መጋዘን ውስጥ ጆንያ እቆጥራለሁ። እንዳያዝኑ ብዬ ነበር የደበቅሁት።

ወደ ሰቆጣ የሚሄድ መኪና የሚንቀሳቀሰው በወታደር አጀብ ነው። እህል ብቻ ይጭናል። ጨው ወደ ሰሜን የጫነ ሰው ለወንበዴ ነው የጫንከው ይባላል፤ እንዲህ ተብሎ የተያዘ ሾፌር አውቃለሁ፤ አልተመለሰም። ለከብት ነው ቢል የሚያምነው የለም። እኔም ልጅ ነኝ እትዬ፤ እናቴ ደጀን ከተማ ቁጭ ብላ ትጠብቀኛለች።

የሰፈራው ነገር እንዴት ሆነ? የእታገኝ ልጅስ?

ማንደፍሮ

*

ታች ስልባ
ጥር 29 ቀን 1980 ዓ.ም.

ልጄ፤

አትዘን። ሥራህን ያጣኸው እውነት ተናግረህ ነው፤ ይቅርታ የሚጠየቅበት ነገር የለውም። ጨው አልልክም ማለትህንም ተቀብያለሁ። እናትህን ሳላስብ በመጠየቄ አፍሬአለሁ።

ስለ ሰፈራው፣ ተመዝግበናል። የአውራጃ ሰዎች መጥተው ስም ሲጽፉ ዋሉ። እኔን «እርስዎ አሮጊት ነዎት፣ ይቅሩ» አሉኝ። ከማን ጋር ብዬ ጠየቅሁ። ጸሐፊው ቀና ብሎ አላየኝም። መኪኖቹ በሁዳዴ ይመጣሉ ተብሏል።

ሽማግሌዎች ይዘን ላይ ስልባ ወጥተን ነበር። ደጅይጥኑ ቃላችንን ሰማ። በመጨረሻ ተነስቶ በታቦት ማለ፤ ለከብቱ የሚሆን ጨው ከየትም ይምጣ ብቻ፣ ቦዩን ዳግም አስረግጦ እንደሚጠብቅ፣ ውሃው እስኪሻል ደግሞ የታች ስልባ ሰው በላይ ስልባ ቤቶች እንደሚያድር። «ውሃችሁን ካበላሸን ቤታችን የእናንተ ነው» አለ። እንዲህ ያለ መሐላ ሰምቼ አላውቅም። ስንመለስ ግን ግማሾቹ ሰዎቻችን፣ «ላይ ስልባን ማን ያምናል፣ ለጨው ብሎ የማለ ጨው ሲያልቅ ይረሳል» ይሉ ነበር። ጨውም የለም፤ ስለዚህ ክርክሩ የባዶ ክርክር ነው።

ስለ እታገኝ ልጅ የጠየቅኸውን አልጽፍም።

ተናኘ

*

የካቲት 10 ቀን 1980 ዓ.ም.

እትዬ፤

ይህንን የሚሰጥዎ ሾፌሩ አስማረ ነው። ጨው ይዟል። ከእህሉ ሥር ነው፤ ማታ ሳይሆን በቀን፣ በሰው ፊት፣ እንደ እህል ይራገፍ።

ከየት እንዳመጣሁት አልጽፍም። እርስዎ ሲጠየቁ መዋሸት አይሆንልዎም፤ የማያውቁትን ግን አላውቅም ማለት ይችላሉ።

ስለ ልጁ ያልጻፉትን አንብቤዋለሁ።

ማንደፍሮ

*

ታች ስልባ
መጋቢት 14 ቀን 1980 ዓ.ም.

ልጄ ማንደፍሮ፤

ከሁለቱም መንደር ሰላምታ ይድረስህ። በሙሄዲን እጅ የላክሁልህ መልእክት ደረሰህ? ከአንተ አንድም ቃል አልመጣም። መንገዱ ነው እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። መልስ ሳልጠብቅ ደግሜ የምጽፈውም ለዚህ ነው።

ጨውህ ደርሷል። እንዳልከው በቀን ተራገፈ። ደጅይጥኑ አንዱን ጆንያ ፈትቶ ጣቱን አስገባና ቀመሰ፤ ከዚያ ሰው እንዳያየው ፊቱን አዞረ። በማግስቱ ቦዩ ተዘጋ፤ ሽንኩርታቸው እየጠወለገ ዋልካ ጫኑ። ከብቶቹ መጀመሪያ ጭቃው ውስጥ አልገባም አሉ። እታገኝ ጨው በቅል ይዛ ከፊት ከፊታቸው ትሄድ ጀመር። እነሱም እየተገፋፉ ተከተሏት፤ ወረደች፣ ወጣች፣ እንደገና ወረደች። ከልጇ ወዲህ ድምፅዋን የሰማሁት ያን ቀን ነው። «ና በሬ! አንተ ሆዳም! የካድሬ ዘር!» ስትል ሰው ሁሉ ደንግጦ ዞር ዞር አለ፤ ከዚያ ሳቁ አመለጠን። እኔ ዳር ቆሜ፣ «አንቺ ልጅ፣ ቦዩ ውስጥ አንዲት ፍሬ እንዳትጥይ!» እያልኩ ስጮህ ዋልኩ። ደጅይጥኑ፣ «እትዬ፣ ተማሪ አይደለንም እኮ!» አለኝ። «ከተማሪ ትብሳላችሁ» አልኩት። የሌሊቱንም ውሃ አስቁሟል፤ ማሳ ላይ ውሃ የሚያሳድር ሰው ተራውን ያጣል ብሎ ደንግጓል።

መኪኖቹ ወንዙን አልጠበቁትም። ውሃው ገና ሳይለወጥ መጡ። ያን ጊዜ መሐላውን ያመኑት ሰዎቻችን ላይ ስልባ ወጥተው ነበር። ደጅይጥኑ በሹማምንቱ ፊት ቆሞ፣ «እነዚህ የእኔ ናቸው፤ ውሃም ከእኔ ይጠጣሉ» አለ። ለአፍታ አስፈራሩት፤ እሱ ከዚያ ወዲያ አማርኛ እንደማይሰማ ሆኖ በኽምጣኛ ብቻ መለሰላቸው። ተዉት። ያላመኑት ግን እዚህ ታች፣ በየቤታቸው ነበሩ። የተጫኑት እነሱ ናቸው። ከቤቴ በታች ያሉት ቤቶች ሁሉ ክፍት ናቸው፤ በር የዘጋ የለም። ጠዋት ስወጣ ወደዚያ ማየት ትቻለሁ።

ጻፍልኝ። አንዲት መስመር ትበቃኛለች። ቀን ባትጽፍበትም አልቆጣም።

ተናኘ

*

ታች ስልባ
ሚያዝያ 13 ቀን 1980 ዓ.ም.

ልጄ ማንደፍሮ፤

አስማረ መጥቶ ሁሉንም ነግሮኛል። የታሰርክበትን ቀን፣ እሱን ለማዳን ጨውን የጫንኩት እኔ ብቻ ነኝ ማለትህን፣ ለማን እንደላክኸው ስትጠየቅም የእኔን ስም እንዳላወጣህ። ይህንን ደብዳቤ ስንቅ የምታመላልስልህ እህቱ ትሰጥሃለች። መጀመሪያ ዘበኛ ያነበዋል፤ ያንብበው። በግልጽ የምጽፈው ለዚያ ነው።

ጨውን የጠየቅሁ እኔ ተናኘ ነኝ። የተቀበለው የላይ ስልባ የውሃ አባት ደጅይጥኑ ነው። የበሉት ከብቶች ናቸው። መንገዱ እንደተከፈተ እኔና ደጅይጥኑ ደሴ እንመጣለን፤ ዋስም እንሆንሃለን። እሱ ከሰቆጣ ወዲያ ሄዶ አያውቅም። «መርማሪው ካላመነ በሬዎቼን እነዳለታለሁ፤ እነሱ ይመስክሩ» ይላል። ቀልዱ ነው መሰለኝ፤ ጫማ ግን ገዝቷል። ይፈቱልኛል ብዬ ተስፋ ልሰጥህ አልችልም። ብቻህን አለመሆንህን ግን እወቅ። እናትህ ዘንድም ሰው ልኬአለሁ፤ ምን እንዳስነገርኳት አትጠይቀኝ።

አሁን ወደ ጥያቄህ። አስማረ ሌላ ምንም አላለኝም ይላል፤ «ውሃው ይጠጣል ወይ በልልኝ» ብቻ ብለኸዋል። አዎ ብዬ ብጽፍልህ እዚያ ቤት ውስጥ አንድ ሌሊት እንደሚያስተኛህ አውቃለሁ። እጄ እምቢ አለኝ።

ዛሬ ጠዋት ወርጄ ቀመስኩት። አሁንም ጨው አለበት። ከጥር ወር በብዙ ቀንሷል፤ ከየካቲትም ይሻላል። ለሕፃን አይሆንም። ክረምቱ ነጩን መሬት ደጋግሞ እስኪያጥበው ድረስ የድሮው ውሃ አይሆንም፤ አንዱ ክረምት ይበቃው እንደሆነ አንተ ታውቃለህ እንጂ እኔ አላውቅም። የሄዱት ሄደዋል። በእስር የምትከፍልበት ወንዝ ይህ ነው፤ የሚበልጥ አድርጌ አልጽፈውም።

እዚያው ቆሜ ሳለሁ እታገኝ ከተጠጋችበት ከላይ ስልባ ወረደች። አጎንብሳ በእፍኟ ጠጣችና አፏን ጠረገች።

«እንዴት ነው?» አልኳት።

«መጥፎ ነው እትዬ» አለች።

እንስራዋን ሞላች። ወደ ላይ የምትመለስ መስሎኝ መንገድ ለቀቅሁላት። አዝላው በፊቴ አለፈችና ወደ ራሷ ቤት ገባች።

ተናኘ